«ልዩ ልዩ» ወይስ በስሙ? የሽሮ ሜዳ ካርታ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017

ነገሩን ያመጣችው የአክስቴ ልጅ ናት። ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፤ ለጥር ሰርጓ ትመጣለች። «ጥለቱ የሚያምር ቀሚስ የት አገኛለሁ? ሎኬሽን ላክልኝ» አለችኝ። «ሽሮ ሜዳ ነዋ» አልኳት። «ሽሮ ሜዳ የቱ ጋ?» ብላ ስትጠይቀኝ ስልኬን አወጣሁና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ካርታ ከፈትኩ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ተሥሏል። ግራና ቀኙ ላይ ነጥብ በነጥብ ነው። አንዱን ነካሁት፤ «ሱቅ» ይላል። ቀጣዩንም ነካሁት፤ «ሱቅ»። የሚቀጥለውም እንደዚያው።

ከእነዚያ ነጥቦች ሦስቱን ያስገባሁት እኔው ራሴ መሆኔን ያወቅሁት የአርትዖት ታሪኩን ስከፍት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ዝናብ ሲያባርረኝ ይመስለኛል።

ካርታው ኦፕንስትሪትማፕ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ተጀመረ፤ ማንም ገብቶ ይጨምርበታል፣ ያርምበታል። አብዛኛው ነገር ነጥብ ወይም መስመር ነው፤ ምንነቱን የሚናገረው የሚለጠፍበት ታግ ነው። ታግ ሁለት ቁራጭ አለው፤ ቁልፍና እሴት። «ሾፕ=የስ» ማለት «ሱቅ ነው፣ የምን እንደሆነ አትጠይቁኝ» ማለት ነው። ታጎቹ የሚገቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ቢሆንም እዚህ ማስታወሻ ላይ በእኛው ፊደል እጽፋቸዋለሁ።

ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በሥራዬ እንደ «ልዩ ልዩ ወጪ» የምፈራው የሒሳብ መደብ የለም። ማንም መደቡን ያጣ ደረሰኝ ሁሉ እዚያ ይወረወራል፤ ዓመቱ ሲዘጋ ከደመወዝ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ «ልዩ ልዩ» ሆኖ ይገኛል። የሽሮ ሜዳ ካርታ በሙሉ ልዩ ልዩ ውስጥ ነው ያለው። ከአሜሪካ ኤምባሲ በላይ ካለው መታጠፊያ ጀምሬ ወደ ላይ አንድ ረድፍ፣ በዚህ በኩልና በዚያ በኩል፣ 41 ነጥብ ቆጠርኩ። እስከ ኅዳር መጨረሻ እጨርሳለሁ ብዬ ደብተር ገዛሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10፣ ማታ

ትናንትና ዛሬ ዞሬ 23 የባህል ልብስ ቤት መዘገብኩ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ቀሚስ፣ የልጆች ልብስ ከበሩ ላይ ተሰቅሎ ይወዛወዛል። ቤት ገብቼ ላፕቶፑ ላይ ጆስምን፣ የካርታ ማረሚያውን ፕሮግራም፣ ከፈትኩና ቆምኩ። ምን ብዬ ልጻፍ?

«ሾፕ=ክሎዝስ» ማለት ልብስ መሸጫ ማለት ነው። ጂንስና ቲሸርት የሚሸጠውም ሰውዬ ይኸው ነው ታጉ። ሽሮ ሜዳን ሽሮ ሜዳ ያደረገው ነገር እንደገና ሊጠፋ ነው። ስለዚህ የራሴን እሴት ፈጠርኩ፤ «ሾፕ=ሐበሻ_ልብስ»። በዚህ ካርታ የፈለጉትን ታግ መጻፍ ይፈቀዳል፤ ማንም አይከለክልም። ለ23ቱም ለጠፍኩና ላክሁ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ከሌላ አገር የሚያርም አንድ ሰው አስተያየት ጽፎልኛል። በጣም በትሕትና ነው፤ «ይህ እሴት ዊኪው ላይ የለም፤ ‹ክሎዝስ=ትራዲሽናል› ከሚለው ጋር ልዩነቱ ምን ይሆን?» ይላል።

ዊኪው የታጎቹ ትርጉም የሚጻፍበት የጋራ ገጽ ነው። መጀመሪያ ከነከነኝ። ስለ ሐበሻ ልብስ ማን ሊያስተምረኝ ነው? ግማሽ ገጽ የሚሆን መልስ ጻፍኩ፤ ስለ ጥለት፣ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ሰርግ። ከመላኬ በፊት ግን ካርታው በስልኬ እስኪታደስ ጠብቄ አየሁት።

23ቱ ነጥቦች የሉም።

ስማቸው አልተለወጠም፣ ቦታቸውም አልተዛባም። ከነጭራሹ አይታዩም። የስልኩ ካርታ የሚሥለው የሚያውቃቸውን እሴቶች ብቻ ነው፤ «ሐበሻ_ልብስ» የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም፣ ስለዚህ ዘለለው። ትናንት ቢያንስ «ሱቅ» ነበሩ። እኔ በስማቸው ልጥራቸው ብዬ ባዶ ሜዳ አደረግኋቸው።

መልሱን ደመሰስኩና «አመሰግናለሁ፣ አርማለሁ» ብዬ ላክሁ።

ያቺን ምሽት የተረዳሁትን እዚሁ ልጻፍ፤ ቆይቶ ይጠፋብኛል። በሒሳብ መዝገብ ዋና መደብና ንዑስ መደብ አለ። የጽሕፈት ቤት ወጪ ዋና መደብ ነው፤ ሥሩ ወረቀት፣ ቀለም፣ ፖስታ አለ። አንድ ጸሐፊ ተነሥቶ «ሰማያዊ እስክሪብቶ» የሚባል ዋና መደብ ቢከፍት ዓመታዊ ሪፖርቱ አያነበውም። እኔ ያደረግሁት ይኼንኑ ነው። ዋናው ታግ ቶኪዮም ጎንደርም ያለ ሶፍትዌር የሚያውቀው መሆን አለበት፤ ልብስ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ፋርማሲ። ልዩ የሆነው ነገር ሥሩ ይገባል። የሚያውቀው ያነበዋል፤ የማያውቀው ቢያንስ «ልብስ ቤት» ብሎ ያሳያል።

ስለዚህ «ሾፕ=ክሎዝስ»፣ ቀጥሎ «ክሎዝስ=ትራዲሽናል»።

«ትራዲሽናል» የማን ትውፊት ነው? ሙኒክ ያለ የባቫርያ ልብስ ሻጭም ይህንኑ ታግ ይይዛል። ይያዝ። ነጥቡ እንጦጦ ግርጌ ነው የተተከለው፤ ቦታው ራሱ ግማሹን ይናገራል። በእያንዳንዱ ታግ ኢትዮጵያን መድገም አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ። በዚህ ካርታ ሥራ ውስጥ ሁሉም የሚደጋግማት ደንብ አለች፤ ስክሪን ላይ እንዲያምር ብለህ የውሸት ታግ አትለጥፍ። እኔስ ነጥቦቹ እንዲታዩ ብዬ አይደለም የቀየርኩት? አሰብኩበት፤ አይደለም። ቤቱ ልብስ ይሸጣል፤ «ልብስ ቤት» ማለት እውነት ነው፣ ጠቅላላ እውነት። ካርታው ቀይ ምልክት እንዲያወጣልኝ ብዬ ሆስፒታል ብለው ኖሮ ያኔ ውሸት ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሁለተኛ ዙር። ከ23ቱ አራቱ ልብስ ቤት አይደሉም። ባለፈው ሳምንት በሩቁ ነጭ ነገር ተሰቅሎ ስላየሁ ብቻ ነው የጻፍኳቸው። ቀረብ ብዬ ሳይ ጥቅል ጨርቅ በሜትር ይሸጣሉ፤ ጥለት ለብቻው፣ ክር ለብቻው። እነዚህ «ሾፕ=ፋብሪክ» ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ንዋየ ቅድሳት መሸጫ ሆነው ተገኙ፤ ነጠላም አላቸው፣ ግን ዋናው መስቀል፣ ጥላ፣ ዕጣን ነው። «ሾፕ=ሪሊጅን» ተባሉ። ቀሪዎቹ 17 እንደነበሩ ቀሩ። ስድስት ስሕተት ከ23፤ ኦዲተር ቢሆን ያባርረኝ ነበር።

ንዋየ ቅድሳቱ ጋ ሌላ ጠቅላላና ልዩ ገጠመኝ። ሃይማኖቱ «ክርስቲያን» ነው፤ ሥሩ ደግሞ የቤተ እምነቱ ታግ አለ። ብዙ ሰው «ኦርቶዶክስ» ብሎ ያልፈዋል። በእኛ ጆሮ ምንም ስሕተት የለውም። በዓለም ካርታ ላይ ግን ይህ ቃል የግሪክና የሩሲያ አብያተ ክርስቲያናት የሚጠሩበት ነው፤ የእኛዋ ከግብጽ፣ ከሶርያና ከአርመን ጋር በሌላ ቤተሰብ ውስጥ ናት። እዚህ ላይ ጠቅላላው ስም እውነት አይደለም፤ ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ነው የሚያስገባን። «ኢትዮጵያን ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ» ብዬ ሙሉውን ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ከአንዱ ልብስ ቤት በስተጀርባ የመወርወሪያ ድምፅ ሰማሁ። ባለሱቋን ፈቃድ ጠይቄ በጠባቧ በር ገባሁ። አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ተቀምጠዋል። ድሩ ፊት ለፊታቸው ተወጥሯል፤ ማጉን የያዘው መወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳል። የጥለቱ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ይዘገያል፤ ባለ ቀለሙን ክር በጣታቸው እየቆጠሩ ያስገቡታል። አባታቸው ከዶርዜ መጥተው እዚሁ ሽሮ ሜዳ እንደ ቀሩ ነገሩኝ፤ እሳቸው የተወለዱት እዚህ ነው።

ደብተሬን አዩና፣ «ለግብር ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባባ። ካርታ ላይ ነው የማስገባው። ሰው ፈልጎ እንዲያገኝዎት።»

«እኔን ፈልጎ ያጣኝ ሰው የለም» አሉ፣ መወርወሪያውን ሳያቆሙ።

ባለሱቋ ከውጭ ሆና ሳቀች። «ለኮሪደር ልማቱ ከሆነ ንገረን እንጂ ወንድሜ፣ አትደብቀን» አለች። ስልኬን አውጥቼ የሱቋን ነጥብ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። «ታዲያ ስሜን ለምን አልጻፍከውም?»

ቤት ገብቼ ስለ ሽማግሌው ታግ አሰብኩ። «ክራፍት=ዊቨር» የሚባል ሸማኔን የሚገልጽ ነገር አለ። «ክራፍት» የሚለው ቁልፍ የሚሠራ ሰው ያለበትን ቦታ ነው የሚናገረው፤ «ሾፕ» የሚሸጥበትን። ሱቁና ሽማግሌው ጀርባ ለጀርባ ናቸው፤ ኪራያቸውም ሥራቸውም ለየብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ነጥብ ይሆናሉ ብዬ ነበር። ማታ ስሰናበታቸው ግን «ቤቴ ነው እኮ ልጄ፣ ማደሪያዬም እዚሁ ነው» ብለውኛል። በጓዳው ውስጥ አልጋውን አይቼዋለሁ። የሰው መኖሪያ ላይ ሙያውን ጽፌ ለዓለም ልለጥፍ? አልለጠፍኩም። የሸማኔ ታግ የሰጠሁት በመንገዱ በኩል በር ላላቸው ሁለት ሥራ ቤቶች ብቻ ነው። እነሱ ሰው እንዲገባላቸው ይፈልጋሉ፤ ሰሌዳም አላቸው።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ዛሬ አጭር ነው። ሦስት ልብስ ሰፊዎች። ለልብስ ሰፊ ሁለት ታግ አለ፤ «ክራፍት=ቴይለር» እና «ሾፕ=ቴይለር»። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ካርታው ላይ ሁለቱም ለዓመታት ሲጻፉ ኖረዋል፣ ማንም አላሸነፈም። እኔ «ሾፕ» ያለውን መረጥኩ፤ ምክንያቴ ሰው ልብሱን ይዞ የሚገባበት ደጅ መሆኑ ነው። ለዚህ ሰዓት አላባክንም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ሰሌዳ ማመን የተውኩበት ቀን።

ከመታጠፊያው አጠገብ «ቱሪዝም=ሆቴል» የሚል ነጥብ ነበር። ያስገባው ሰው እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ይመስላል፤ ሰሌዳው ላይ «ሆቴል» የሚለው በላቲን ፊደልም አለ። ገብቼ ፍርፍር አዘዝኩ። አስተናጋጇን «አልጋ አላችሁ?» ስላት «ወይ ጉድ! የት ልናስተኛህ?» ብላ ወደ ኩሽናው ጮኸች፤ ከውስጥም ሳቅ መጣ። አራት ጠረጴዛ ናት ቤቲቱ። እዚህ አገር ሆቴል ማለት ምግብ ቤት ማለት እንደሆነ ያልነገሩት ሰው ሻንጣውን ይዞ በሌሊት ይመጣል። «አሜኒቲ=ሬስቶራንት»፣ ሥሩ «ኩዚን=ኢትዮጵያን»። የሰሌዳው ቃል በስም ቦታ ላይ ይቆያል፤ ስሙ ነውና። ምንነቱ ግን ተቀየረ።

ግሮሰሪው ደግሞ ይብሳል። ሁለት ግሮሰሪ አለ፤ አንደኛው «ሾፕ=ኮንቪንየንስ» ተብሎ ተመዝግቧል፣ ማለትም ዳቦና ወተት የሚገዛበት የሰፈር ሱቅ። ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር ስደርስ፤ ሁለት ጎልማሶች ድራፍት ይዘው ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ። ባለቤቱን ወተት እንዳለው ልጠይቀው ነበር፣ ተውኩት። ግሮሰሪ ለእኛ መጠጥ ቤት ነው፤ ቃሉ ከባሕር ማዶ ሲመጣ መንገድ ላይ ሥራውን ቀይሯል። ለሁለቱም «አሜኒቲ=ባር»። «ፐብ» የሚለውም ነበረ፤ እሱ ግን የእንግሊዝን ሰፈር መጠጥ ቤት ነው የሚያስታውሰኝ።

ካርታው እንግሊዝ አገር መወለዱ ቃላቱ ውስጥ ቀርቷል። ለዚህ ትልቁ ምሳሌ «ሃይዌይ=አንክላሲፋይድ» ነው። ጀማሪ ሰው ሲያየው «ያልተመደበ መንገድ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ያላወቀውን መንገድ ሁሉ እዚያ ይከታል። ቃሉ ግን በእንግሊዝ የመንገድ አመዳደብ የራሱ ደረጃ ያለው ነው፤ ከሦስተኛ ደረጃ በታች ያለ፣ መንደርን ከመንደር የሚያገናኝ መንገድ። ደረጃው በእውነት የማይታወቅ ከሆነ «ሃይዌይ=ሮድ» የሚባል አለ። ልዩ ልዩ የሚመስለው ልዩ ልዩ አይደለም።

እና ታክሲ ተራው። ይኼን ስሕተት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከሁለት ዓመት በፊት በኩራት «አሜኒቲ=ታክሲ» ብዬ ነበር። ምን አጠፋሁ? ሁላችንም ታክሲ ተራ ነው የምንለው። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ!» ይላል፤ ተራ አስከባሪው ዱላውን ይዞ ቆሟል። በካርታው ቋንቋ ግን ታክሲ ማለት ለብቻህ የምትከራየው፣ ወዳልከው በር የሚያደርስህ መኪና ነው። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሱ መሥመር አለው፣ ተራ አለው፣ ሰው ሳይሞላ አይነሣም። በሥራው አውቶቡስ ነው። ስለዚህ «ሃይዌይ=ባስ_ስቶፕ»፣ ሥሩ «ሼር_ታክሲ=የስ»። ሥሩ ያለችው ታግ ናት እውነቱን የያዘችው፤ ዋናው ደግሞ መንገደኛው ቆሞ እንዲጠብቅ የሚነግረው።

ይህን ስጽፍ አንድ ጓደኛዬ «አገራችን በሚጠራው ስም ካልጠራህ የማን ካርታ ነው?» ብሎ ተከራከረኝ። ልክ ነው፤ ስሙን በስም ቦታ እንጽፈዋለን፣ በአማርኛ፣ በራሱ ፊደል። ታጉ ግን ለማሽን የሚነገር ነገር ነው። ማሽኑ «ግሮሰሪ» ሲባል የሚያስበው ሌላ ነው፤ እሱን ማስረዳት አልችልም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ከሱቆቹ ጀርባ ወደ እንጦጦ የሚወጡትን የእግር መንገዶች ሄድኩባቸው። ጉልበቴ አሁንም ያመኛል።

እዚህ ያለው ክርክር የቆየ ነው። ድሮ ለእግረኛ መንገድ የሚጻፈው «ሃይዌይ=ፉትዌይ» ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. «ሃይዌይ=ፓዝ» የሚል ጠቅላላ እሴት በድምፅ ጸደቀ፤ ማንም ይሂድበት፣ እግረኛም ከብትም ብስክሌትም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እየተጋፉ ይኖራሉ። አንዱ አገር ሁሉንም ፓዝ ይላል፣ ሌላው ሁሉንም ፉትዌይ።

ደንቡን ከማንበብ ይልቅ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጭራሮ የተሸከሙ አራት ሴቶች ጎብጠው ወረዱ፤ አንድ አህያ ከባለቤቷ ጋር ወጣች፤ አንድ ወጣት በሩጫ አለፈ። አህያ የሚሄድበትን መንገድ ለእግረኛ ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። ፓዝ። ከታች ሲሚንቶ ደረጃ ያለውን ቁራጭ ግን ለይቼ «ሃይዌይ=ስቴፕስ» አልኩት፤ አህያዋም እዚያ ስትደርስ ዞራ ነው የወጣችው።

ጫካውስ? ባሕር ዛፍ ነው፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለ። «ናቹራል=ውድ» ቢባል ራሱ የበቀለ ዱር ይመስላል፤ «ላንድዩዝ=ፎረስት» የሚለው ለተተከለውና ለሚቆረጠው ይቀርባል፤ እሱን ወሰድኩ። ከዛፉ ስም ግን ያቆምኩት «ጂነስ=ዩካሊፕተስ» ላይ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ነው ይሉኛል፤ ይመስለኛልም። ግን እኔ ነጩን ከቀዩ በልጡና በቅጠሉ መለየት አልችልም። ስለዚህ በዘር ደረጃ ያቆምኩትን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ዝርያውን ይጨምርበት።

ወደ ታች ስወርድ የሳተላይት ፎቶውን እያየሁ አንድ ነገር ገባኝ። በዓለም ካርታ ከየትኛውም ታግ በላይ ብዙ ጊዜ የተጻፈው «ቢልዲንግ=የስ» ነው፤ ቤት ነው፣ የምን ቤት እንደሆነ አይታወቅም። ሁልጊዜ በስንፍና እንደተሞላ ነበር የማስበው። አብዛኛው ግን ከሰማይ ፎቶ የተሣለ ነው። ከሰማይ ጣሪያ ነው የሚታየው። ጣሪያ አይተህ «ሥራ ቤት» ብትል ትዋሻለህ። የእነዚያ ካርታ ሣዮች «የስ» ከእኔ የጥቅምት 10 «ሐበሻ ልብስ» ይሻላል፤ እነሱ ያዩትን ብቻ ነው የጻፉት፤ እኔ ደግሞ በሩቁ ነጭ ነገር አይቼ 23 ብዬ ቆጠርኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ጀበና ቡና የምታፈላው እናት ጋ ሦስት ስኒ ጠጣሁ። ሥራ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጃንጥላ፣ ረከቦት፣ ስምንት ዱካ፣ ቄጠማ። ማታ ማታ ዱካዎቹን ከጎረቤት ሱቅ ታሳድራቸዋለች። ይህ ካፌ ነው? ሰው ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፤ ነው። «አሜኒቲ=ካፌ»፣ «ስትሪት_ቬንደር=የስ»። በቋሚነት ትኖር አይኖር እንደሆነ ለማየት በአምስት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ አለፍኩባት፤ አምስቱንም አለች።

የሥራ ሰዓቷን ስጠይቃት «ከጠዋቱ አንድ እስከ ማታ አሥራ ሁለት» አለችኝ። ከ1 እስከ 12 ብዬ ጻፍኩና ላክሁ። አመሻሽ ላይ ካርታው ላይ ሳየው ሌሊት ተከፍታ እኩለ ቀን ትዘጋለች። የመክፈቻ ሰዓት ታግ የሚያነበው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከ07፡00 እስከ 18፡00 መሆን ነበረበት። ሌሊት 7 ሰዓት ቡና የሚፈልግ ሰው ካለ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሕዳር ሲታጠን ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጭስ ነው፣ መውጣት አልቻልኩም። ቤት ቁጭ ብዬ ስሞችን አጸዳሁ።

ዘጠኝ ነጥብ በስም ቦታ ላይ «የባህል ልብስ መሸጫ» ይላል። አንዱ በሀ፣ ሌላው በሐ፣ አንዱ «የሐበሻ ቀሚስ»። እነዚህ ስሞች አይደሉም፤ ሰሌዳው የሚሸጠውን ነው የሚናገረው። ምንነቱ ታጉ ውስጥ ካለ በስም ላይ መድገም ሌላውን ሰው ያሳስታል፤ ፍለጋ ሲገባ ዘጠኝ «የባህል ልብስ» ይወጣለታል፣ የትኛው የማን እንደሆነ አያውቅም። ስም ከሌለ የስም ቦታ ባዶ ይቀራል። ባዶ ማድረግ ቀላል አይደለም፤ እጄ ይከለክለኛል። ዘጠኙንም አጠፋሁ።

የባለሱቋን ስም ግን ጨመርኩ፤ ሰሌዳዋ ላይ የተጻፈውን፣ በአማርኛም በላቲን ፊደልም። ታዲያ ለምን አልጻፍከውም ብላኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም ነው። ትናንት ማታ ድረስ ሽሮ ሜዳ ሰው በሰው ነበር፤ ዛሬ ግማሹ ሱቅ ተዘግቷል፣ መንገዱ ነጭ ለባሽ ነው። የመጨረሻውን ዙር ዞርኩ።

የአክስቴ ልጅ ስልኳ ላይ ካርታውን አውርዳ «ትራዲሽናል» ብላ ፈልጋ አላገኘችም፤ የእሷ አፕ ሥሩ ያለውን ታግ አይፈልግም። «ልብስ» ስትል ግን 17ቱም ወጡላት። ሁለቱን መርጣ ምልክት አድርጋባቸዋለች። አንደኛዋ ስሟን ያስገባሁላት ባለሱቅ ናት።

ከ41ዱ ነጥቦች 40ው ተለይተዋል። የቀረው ከሁለተኛው ግሮሰሪ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ስድስት ጊዜ አልፌበታለሁ፣ ስድስቱንም ጊዜ ቆርቆሮው ወርዶ ቁልፍ ተሰክቶበታል። ሰሌዳ የለውም። ጎረቤቱ «ጫማ ነበር መሰለኝ» ይላል፤ ሊስትሮው «ኧረ ክር ነው የሚሸጠው» ይላል፤ ባለቤቱ አገር ቤት ሄዷል። ተዘግቷል ብዬ ላጠፋው አልኩና ዛሬ ከቆርቆሮው ሥር አዲስ የተጠረገ ደጃፍ አየሁ። «ሾፕ=የስ» ብዬ ተውኩት።

የስልኬ ካርታ ላይ «ሱቅ» ይላል።